«ነጭ ሆነ» አሉ

ማይክል ጃክሰን «ቆዳውን አስገፍፎ ነጭ ሆነ» ሲባል ያልሰማ የሰማንያዎቹ ልጅ ካለ እጁን ያውጣ። ወሬው ካሴት ቤት ነበር፣ ፀጉር ቤት ነበር፣ ታክሲ ውስጥ ነበር። አውሪው ደግሞ ኦፕራሲዮኑ ሲሠራ መብራት ይዞ የቆመ ነው የሚመስለው። «ሙሉ ቆዳውን ነው የቀየሩት! ፀሐይ አይችልም፤ ለዚያ እኮ ነው ጃንጥላ የሚያስይዘው!» ጃንጥላዋስ እውነት ነበረች፤ ምክንያቷ ግን ሌላ ነው።

ሰውየው ራሱ ተናግሮ ነበር። በ1988 እ.ኤ.አ. በታተመው የሕይወት ታሪኩ አፍንጫውን በቀዶ ሕክምና ማሠራቱን አልደበቀም። በ1993 ደግሞ ለኦፕራ ዊንፍሬይ የቆዳውን ቀለም የሚያጠፋ በሽታ እንዳለበት ነገራት። በእኛ አማርኛ ለምጽ ማለት ነው። ማን ይመነው? በ77ቱ ረሃብ ከላዮኔል ሪቺ ጋር ዘፈን ጽፎ ገንዘብ ያሰባሰበልን ሰው፣ እዚሁ አዲስ አበባ «ጥቁርነቱን የካደ» ሆኖ ቀረ። በሰኔ 2009 ሲሞት አስከሬኑን የመረመሩት የሎስ አንጀለስ ሐኪሞች ለምጽ እንደነበረበት ጻፉ። ቤቱ ውስጥ ቆዳ የሚያነጣ ቅባት መገኘቱም እውነት ነው፤ ለምጹ አብዛኛውን ገላ ሲወርስ የቀረውን ጥቁር ከነጣው ጋር ለማመሳሰል ሐኪም የሚያዘው ዓይነት። ለምጽ የያዘውን ገላ ደግሞ ፀሐይ ያቃጥለዋል። የጃንጥላዋ ነገር ይኸው ነው።

የዘንድሮ ወሬ ደግሞ በፎቶ ሆኗል። አንዱ የሃያ ዓመት፣ ሌላው የአርባ አምስት፤ ጎን ለጎን ይደረጉና «ያ ፊቷ የት ሄደ?» ይባላል። ሬኔ ዘልዌገር በ2014 አንድ የሆሊውድ ግብዣ ላይ ብቅ ስትል የዓለም ጋዜጣ ሁሉ ዓይኗን አስቀደዳት። ዓይኗን እንዳልተሠራች በ2016 ራሷ ጽፋ አስታወቀች። ዕድሜ የሚባል ሐኪም መኖሩን ማን ያስብ!

እኔ ወሬ አልጠላም (ማን ይጠላል!)። የሚያናድደኝ «የተፈጥሮን ውበት ማን አስነካው?» ባዩ ነው። የትኛውን ተፈጥሮ? አያቶቻችን ድዳቸውን በመርፌ እየተወጉ የተነቀሱት፣ አንገታቸውን በንቅሳት ያስጌጡት፣ ኩል የተኳሉት፣ እንሶስላ የሞቁት ተፈጥሮ አንሷቸው ነው እንዴ? በነገራችን ላይ የማይክል ቅንድብም ንቅሳት እንደነበረው ያው ምርመራ ይናገራል። የጎንደር ባልቴት ብታየው «የኔ ልጅ» ባለችው። የአራስ ቤት ሕፃን አፍንጫ በቅቤ ሲታሽስ ያላየ ማን አለ? ሰልካካ ይሁን ተብሎ እኮ ነው! ቢላዋ የለውም እንጂ ያም ሥራ ነው። ልጅቱን «ደፍጣጣ» እያሉ አሳድገው፣ አድጋ ገንዘብ ስታገኝ ወደ ሐኪም ብትሄድ «አስመሳይ» ይሏታል። ቀዶ ሕክምናውን አላደንቅም፤ እንዲያውም ያስፈራኛል። ግን አፍንጫዋን ያስጠላት ሐኪሙ አይደለም።

ሰፈራችን አንዲት እናት ነበሩ። ለምጹ ከጣታቸው ጀምሮ ወደ ፊታቸው ወጣ። «ቀይ ልሁን ብለው ክሬም ተቀብተው ነው፤ አቃጠላቸው» ተባለ። ክሬም የምትቀባ የለችም አልልም፤ በየሱቁ ይሸጣል። እሳቸው ግን ከቅቤ ሌላ ቅባት የሚያውቁ ሰው አልነበሩም። ቀጥሎ ደግሞ «ይጋባል» የሚል ተጨመረ። ለምጽ በንክኪም በስኒም አይጋባም፤ የትኛውንም የቆዳ ሐኪም መጠየቅ ነው። ቢሆንም ቡና ሲጠሩ የእሳቸው ስኒ ለብቻው ይቀመጥ ጀመር፤ ነገሩ ሲገባቸው ቀሩ። ሠርግ ላይ ሳይቀር እጃቸውን ከነጠላቸው አያወጡም ነበር። ማይክል እንኳ ተቀምጦ የሚያስረዳት ኦፕራን አገኘ። እሳቸው ቤት ለቤት እየዞሩ «ክሬም አይደለም» ይበሉ?

«እግዜር የሰጠውን ቆዳ ናቀ» እያለች በማይክል ስትፈርድ የነበረችው ደግሞ ያቺው ስኒ የለየችው ጎረቤት ናት።