ስለ ብሮክን ሂል ከተማ ታሪክ አነጋገር አንዳንድ አስተያየት

ብሮክን ሂል በአውስትራልያ ውስጥ፣ በኒው ሳውዝ ዌልስ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ ዝናብ በማይበረክትበት ቀይ ምድር ላይ የተቆረቆረች የማዕድን ከተማ ናት። ከክፍለ ሀገሯ ዋና ከተማ ከሲድኒ ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ከደቡብ አውስትራልያ ዋና ከተማ ከአደላይድ ግን የሚለያት 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህም ሰዓቷን እንኳ የምትቆጥረው በራሷ ክፍለ ሀገር ሳይሆን በጎረቤቷ ሰዓት ነው። በ2015 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የአውስትራልያ መንግሥት በብሔራዊ ቅርስ መዝገብ አገባት። አንድ ሕንፃ ወይም አንድ ሰፈር ሳይሆን ከተማ በሙሉ ሲመዘገብ ይህች የመጀመሪያይቱ ናት። እኛ በዓይናችን አላየናትም፤ የምንተቸውም ከተማይቱን ሳይሆን ታሪኳ የሚነገርበትን መንገድ ነው።

የታወቀው ታሪክ እንዲህ ይላል። በ1844 ዓ.ም. አገር አሳሹ ቻርልስ ስተርት በዚያ በኩል አለፈ፤ ጀርባው የተሰበረ የሚመስለው ኮረብታም ለከተማይቱ ስም ሰጣት። በ1883 ዓ.ም. በማውንት ጊፕስ የበግ ርቢ ጣቢያ በፈረስ እየዞረ አጥር የሚጠብቅ ቻርልስ ራስፕ የተባለ ሰው ከኮረብታው ላይ ድንጋይ አንሥቶ መረመረ፤ የቆርቆሮ ማዕድን ያገኘ መሰለው። የጣቢያው ሰዎች ሰባት ሆነው ገንዘብ አዋጥተው ሽርክና ገቡ። የተገኘው ግን ብር፣ እርሳስና ዚንክ ሆነ። በ1885 ዓ.ም. የብሮክን ሂል ፕሮፕራይተሪ ኩባንያ ተቋቋመ፤ ዛሬ ቢ ኤች ፒ እየተባለ በዓለም የታወቀው ኩባንያ የተወለደው ከዚህ ኮረብታ ነው። ኩባንያው በ1939 ዓ.ም. ሥራውን ዘግቶ ከከተማይቱ ወጣ። ስም የሰጣት ኮረብታም ራሱ ተቆፍሮ አልቋል። መንገዶቿ አርጀንት፣ ኦክሳይድ፣ ክሎራይድ፣ ሰልፋይድ፣ ብሮማይድ ይባላሉና ለፈተና የሚያጠና የኬሚስትሪ ተማሪ በከተማይቱ ውስጥ ቢዘዋወር መጽሐፍ አያስፈልገውም።

ከኩባንያው ታሪክ ጎን የሠራተኛው ታሪክ ይነገራል፤ ይህም ከተማይቱን ያስመሰግናታል። በ1892፣ በ1909፣ ደግሞም ከ1919 እስከ 1920 ዓ.ም. ታላላቅ የሥራ ማቆም አድማዎች ተደርገዋል። የመጨረሻው አድማ 18 ወር ያህል ቆይቶ፣ ማዕድን ቆፋሪው በሳምንት 35 ሰዓት ብቻ እንዲሠራ አድርጓል። በከተማይቱ መካከል በተቆለለው የጉድጓድ ትራፊ ድንጋይ ላይ በ2001 ዓ.ም. የተሠራ መታሰቢያ አለ፤ በማዕድን ሥራ የሞቱ ከ800 በላይ ሰዎች ስማቸው ከአሟሟታቸው ጋር ተጽፎበታል። ብዙ ከተሞች ለባለ ሀብቱ ሐውልት ሲያቆሙ፣ ድንጋይ ተንዶበት የሞተውን ሠራተኛ በስሙ መጥራት ትንሽ ነገር አይደለም። (ይኸው የሠራተኛ ማኅበር ያገቡ ሴቶች ሥራ እንዳይዙ ለብዙ ዓመታት ይከለክል እንደ ነበረም መዘንጋት አይገባም።)

እንግዲህ ቅሬታችን የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ይህ ታሪክ ቆፋሪውንና አስቆፋሪውን አጥርቶ ያውቃል፤ ጭነት አመላላሹን ግን በሚገባ አያውቀውም። ሲያነሣውም አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን ክፉ ሥራ ነው።

የባቡር ሐዲድ ከደቡብ አውስትራልያ በኩል ብሮክን ሂል የደረሰው በ1888 ዓ.ም. ነው፤ ከሲድኒ ጋር በቀጥታ የተገናኘችው ደግሞ በ1927 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ ካለቀበት ወዲያ ላሉት የበግ ጣቢያዎችና ትናንሽ የማዕድን ሰፈሮች ዱቄቱን፣ ሻዩን፣ የአጥር ሽቦውን የሚያደርሱላቸው፣ ሲመለሱም የበግ ጠጉር ጭነው የሚመጡት ግመሎች ነበሩ። ግመሎቹም ነጂዎቹም ከ1860 ዓ.ም. ጀምሮ በመርከብ ከእስያ የመጡ ናቸው። ነጩ ሕዝብ ሁሉንም በአንድነት «አፍጋን» ይላቸው ነበር እንጂ ብዙዎቹ አገራቸው ባሉቺስታን፣ ፑንጃብ ወይም ሲንድ ነበረ። ከከተማው ዳር የግመል ሰፈር ሠርተው ለብቻቸው ይኖሩ ነበር። ነጭ ያልሆነ ሰው ወደ አገሩ እንዳይገባ የሚከለክለው የ1901 ዓ.ም. ሕግ ከወጣ በኋላ ሚስትና ልጅ ከአገር ማስመጣት እጅግ ከባድ ሆነባቸው። ግመል ጭኖ ውኃ በሌለበት አገር መጓዝ ምን ዓይነት ሥራ እንደ ሆነ በእኛ አገር የአፋርን የጨው ሲራራ ያየ ሰው ይረዳዋል።

በሰሜን ብሮክን ሂል፣ በቀድሞው የግመል ሰፈር ላይ፣ እነዚህ ሰዎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሠሩት ትንሽ መስጊድ እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል። ግድግዳውም ጣራውም ቆርቆሮ ነው፤ ቀለሙ እንደ ምድሩ ቀይ ነው፤ ከበሩ ፊት ለውዱእ የሚታጠቡበት ቦይ አለ። ሰጋጆቹ አልቀው ቤቱ ሊፈርስ ሲል የከተማይቱ የታሪክ ማኅበር በ1960ዎቹ ዓመታት አድሶ ቤተ መዘክር አድርጎታል። ማኅበሩ ስለዚህ ሥራው ምስጋና ይገባዋል።

ነገር ግን የግመል ሰፈሩ ሰዎች ስም ከዚህ መስጊድ ይልቅ የተያያዘው ከ1915 ዓ.ም. የአዲስ ዓመት ዕለት ጋር ነው። በዚያ ቀን 1,200 ያህል ሰዎች በማዕድን መጫኛ ክፍት ፉርጎዎች ተሳፍረው ወደ ሲልቨርተን ለሽርሽር ይሄዱ ነበር። ጉል መሐመድ የሚባል አይስክሬም ሻጭና ሙላ አብዱላህ የሚባል የሃይማኖት መሪና አራጅ የቱርክን ባንዲራ ሰቅለው፣ ከሐዲዱ አጠገብ አድፍጠው ተኮሱባቸው። በዚያ ቀን አራት ሰዎች ሞቱ፣ ሌሎችም ቆሰሉ፤ ሁለቱ ተኳሾችም ተገደሉ። ይህ ነገር በታሪክ «የብሮክን ሂል ጦርነት» ይባላል።

የምንቃወመው ይህን ስም ነው። ሁለት ሰዎች መሣሪያ ባልያዘ ሽርሽረኛ ላይ ቢተኩሱ ግድያ ነው እንጂ ጦርነት አይደለም። ጦርነት ካልነው ግን ሁለቱ ሰዎች ሠራዊት ይሆናሉ፤ ሠራዊት ደግሞ ከኋላው ሕዝብ አለው፤ ስለዚህ የግመል ሰፈሩ ሁሉ ጠላት ሆኖ ይቆጠራል። ይህም በሐሳብ ብቻ አልቀረም። በዚያው ሌሊት ሕዝቡ ተነሥቶ የጀርመኖችን ክበብ አቃጠለ፤ አንድም ጀርመናዊ ግን አልተኮሰም። ከዚያም ወደ ግመል ሰፈሩ ሲሄድ ፖሊስና ወታደር መንገድ ዘግተው ባይመልሱት ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያስቸግርም። ሙላ አብዱላህ ጥቂት ቀደም ብሎ ከተፈቀደው ቄራ ውጪ በግ አርደሃል ተብሎ ተፈርዶበት ነበር፤ ልጆችም ድንጋይ ይወረውሩበት እንደ ነበር ይነገራል። ይህ የሥራውን ክፋት አያቃልለውም፤ ቂሙ ግን ከኢስታንቡል የመጣ ሳይሆን እዚያው የበቀለ እንደ ነበር ያሳያል።

ይህን ስናዘጋጅ አንድ የክፍል ጓደኛችን «ታዲያ የሞቱት ሰዎች ይረሱ ነው የምትሉት?» ብሎ ጠይቆናል። አይደለም። በባቡሩ ላይ የሞቱት በስማቸው ሊታሰቡ ይገባል። እኛ የምንለው፣ ሁለት ሰዎች በአንድ ጧት የሠሩት ሥራ የብዙ ሰዎችን የዓመታት ድካም እንዳይሸፍነው ነው። የዚያው አገር ሌላ ክፍል ይህን በመጠኑ አስተካክሎታል፤ ከአደላይድ ወደ ሰሜን የሚሄደው ባቡር «ጋን» ይባላል፤ ይህም «አፍጋን» ከሚለው ስም ያጠረ እንደ ሆነ በሰፊው ይነገራል።

ከባለ ግመሎቹም በፊት በዚያ ምድር የነበሩት የዊልያካሊ ሕዝብ ናቸው፤ ታሪኩን ከስተርት ወይም ከራስፕ የሚጀምር ሁሉ እነርሱን ከደጅ ይተዋቸዋል። ይህ ግን ለብቻው ሌላ ጽሑፍ የሚገባው ነገር ነው።

በ1920ዎቹ ዓመታት የጭነት መኪና ሲበዛ ግመሉ ሥራ አጣ። ደቡብ አውስትራልያ በ1925 ዓ.ም. ባለቤት አልባ ግመል እንዲገደል የሚፈቅድ ሕግ አወጣች፤ ብዙዎች ነጂዎችም ከብቶቻቸውን መግደል አልሆንላቸው ብሎ ወደ በረሃ ለቀቁአቸው። ጎብኚ ወደዚያ የቆርቆሮ መስጊድ ሲገባ፣ ስለ 1915 ዓ.ም. ከመስማቱ በፊት፣ አንድ ጠንካራ ግመል ከ400 ኪሎ በላይ ይጭን እንደ ነበረ፣ ጭነቱም ለማን ይደርስ እንደ ነበረ ቢነገረው እንወዳለን።