ከሐይቅ ዳር 4,000 ሰዓት

ዩቲዩብ ለባለ ቻናሉ ብቻ የሚያሳየው አንድ መስመር አለ። ተመልካቹ የቱ ላይ ሲደርስ ትቶ እንደወጣ የሚናገር መስመር ነው። ከግራ ከፍ ብሎ ይጀምርና ወደ ቀኝ እየወረደ ይሄዳል፤ የማንም ቪዲዮ ቢሆን ይወርዳል። በ2015 ጥቅምት ላይ የእኔው አንዱ መሀል ላይ ጉብታ አወጣ። የሐይቅን ገበያ ያነሳሁበት የ14 ደቂቃ ቪዲዮ ነበር። ጉብታ ማለት ሰው ወደ ኋላ መልሶ ያንኑ ቦታ ደግሞ አይቷል ማለት ነው። ቪዲዮው ያን ጊዜ የታየው 200 ጊዜ ያህል ስለነበር አንድ ሰው ብቻውን ቢደጋግመው እንኳ መስመሩ ላይ ይታወቃል።

ጉብታው ያለበትን ዘጠነኛውን ደቂቃ ከፍቼ ፈለግሁ። ምንም የለም። ሽንኩርት የሚሸጡ ሴቶች ተርታ ተቀምጠዋል፣ ካሜራው በፊታቸው ቀስ ብሎ ያልፋል፣ በቃ። ኮሜንቶቹን ስገልጥ አገኘሁት። «ወላሂ እናቴን አየኋት። ከስታለች።»

እኔ ፎቶ አንሺ ነኝ። ሐይቅ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ላይ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ያለች ከተማ ናት፤ ፎቶ ቤቴ እዚያው መንገድ ዳር ነው። ለዓመታት እንጀራዬ ጉርድ ፎቶ ነበር። ከዙሪያ ገባው ቀበሌ ሁሉ ዓረብ አገር የሚሄዱ ልጆች ይመጣሉ፤ ነጩ ጨርቅ ፊት አስቀምጬ አነሳለሁ፣ አጥቤ እሰጣለሁ፣ ይሄዳሉ። የት እንደደረሱ አልጠየቅሁም። ስልክ ሁሉ ካሜራ ሆኖ ገበያው ሲቀዘቅዝ፣ የሰሜኑ ጦርነትም ካለፈብን በኋላ፣ በ2014 የካቲት ቻናል ከፈትሁ።

የመጀመሪያዎቹ ወራት በከንቱ አለፉ። የአዲስ አበባ ትልልቅ ቻናሎች የሚያደርጉትን አየሁና ያንኑ አደረግሁ። ርዕሱ ላይ «ሰበር»፣ ምስሉ ላይ ቀይ ቀስት፣ መክፈቻው ላይ «ቤተሰብ ሁኑ፣ ደወሏን ተጫኑ»። ሰው ይገባል፤ በአማካይ 40 ሰከንድ ቆይቶ ይወጣል። የገባውን ሰው ቁጥር እያየሁ ደስ ይለኝ ነበር። ስሌቱን የሠራሁት ዘግይቼ ነው።

ከጥር 2010 ጀምሮ ከማስታወቂያ ገቢ ለማግኘት ዩቲዩብ የሚጠይቀው 1,000 ሰብስክራይበርና ባለፉት 12 ወራት ውስጥ የታየ 4,000 ሰዓት ነው። አጫጭሮቹ ሾርትስ የሚሰበስቡት ደቂቃ እዚህ ሂሳብ ውስጥ አይገባም፤ ለእነሱ ሌላ በር አለ፣ በ90 ቀን 10 ሚሊዮን እይታ፣ ለእንደኔ ያለው ሰው የማይደረስበት። 4,000 ሰዓት 240,000 ደቂቃ ነው። ሰው 40 ሰከንድ ብቻ የሚቆይልህ ከሆነ 360,000 ጊዜ መታየት አለብህ። ስምንት ደቂቃ የሚቆይልህ ከሆነ 30,000 ይበቃል። ሰውን መጥራቱ ላይ ሳይሆን ማቆየቱ ላይ ነው መድከም የነበረብኝ። ይህን ወረቀት ላይ ጽፌ ሳየው ለእነዚያ ወራት ድካሜ ልቤ አዘነ።

የሚቆየው ማን ነው? ያቺ ኮሜንት መለሰችልኝ። ተመልካቾቼ ከየት እንደሆኑ የሚያሳየውን ገጽ ከፈትሁ። ሳዑዲ፣ ኤምሬትስ፣ ሊባኖስ። የሚያዩበት ሰዓት እኛ ከተኛን በኋላ ነው፤ የሰው ቤት ሥራ አልቆ፣ ስልክ በእጅ ሲገባ። ጉርድ ፎቶዋን ያነሳኋት ልጅ ናት የምታየኝ።

ከዚያ ወዲህ አሠራሬን ለወጥሁ። ትራይፖዱን ተክዬ መራቅ ለመድሁ። ማለዳ ሐይቁ ላይ ጀልባ ሲመለስ፣ ቆሮሶው ሲራገፍ፣ ሲገፈፍና ዘይት ውስጥ ሲገባ፣ እኔ ምንም አልልም። ቀድሞ «እንደምትመለከቱት» እያልሁ የማወራበት ቦታ ሁሉ ላይ መስመሩ ቁልቁል እንደሚወርድ አይቻለሁ፤ የሚያውቁትን አገር የምነግራቸው እኔ ማን ነኝ? ከሐይቅ እስከ ውጫሌ በመኪና መስኮት ያነሳሁት የመንገድ ቪዲዮ ውስጥ አንድ ቃል የለም፤ ከሠራኋቸው ሁሉ ረጅም ጊዜ የታየው እሱ ነው። ሰው የገዛ ቤቱ መታጠፊያ እስኪደርስ ይጠብቃል።

ምስሉን እያስዋብሁ ድምፁን ረስቼ ነበር፤ ይህን ለጀማሪ ሁሉ እነግራለሁ። ምስል ቢደበዝዝ ሰው ይታገሳል፣ ድምፅ ሲያንቋቋ ግን ይወጣል። ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ የስልክን ማይክ ያፍነዋል። ርካሽ የአንገት ማይክ ገዝቼ በስፖንጅ ጠቀለልሁት። የመጣው ለውጥ የገረመኝ እኔን ነው። ከመስጊዱ አዛን፣ ከወዲያ የቤተ ክርስቲያን ደወል፣ በመሀል የአህያ ኮቴ። የወሎ ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ እንኳ አገሩን ያውቃታል።

የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት ቦታ ነው። የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴት አትገባበትም። እናቶቻችን ዕድሜ ልካቸውን በሩ ድረስ ሄደው ይመለሳሉ። አባቶችን አስፈቅጄ፣ እነሱ አንሳ ያሉኝን ብቻ አንስቼ፣ አታንሳ ያሉኝን ትቼ ወጣሁ። ደጋግመው ያዩት ሴቶች ናቸው። በስተርጅና ያሉ የሰፈራችን እናት ልጃቸው ስልክ ላይ ከፍታላቸው እየተሳለሙ ሲያዩ አጠገባቸው ነበርሁ። ከዚያ ቪዲዮ ላይ አንዲት ሰከንድ ለማስታወቂያ እንዳይቆረጥ በኋላ ገቢው ሲጀምር መሀል የሚገባውን ማስታወቂያ አጠፋሁት።

ውጫሌ ያለችበት አምባሰል ሁለት ነገር አስተማረችኝ። አንደኛው ፍለጋ ነው። የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመባትን ይስማ ንጉሥን አንስቼ አንቀጽ 17ን በቀላል አማርኛ ያስረዳሁበት ቪዲዮ ሲወጣ ማንም አላየውም። የካቲት ሲገባ ግን፣ አድዋ ሲቃረብ፣ ተማሪውም አስተማሪውም «የውጫሌ ውል» ብሎ ይፈልጋል። በየዓመቱ የካቲት ላይ ይነሳል። የዜና ቪዲዮዎቼ በሦስተኛ ቀናቸው ሲሞቱ ይህ ግን እስከ ዛሬ ይሠራልኛል።

ሁለተኛው ሙዚቃ ነው። አምባሰል ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ ነው፤ ትዝታ፣ ባቲና አንቺሆዬ የቀሩት። የአምባሰል ተራራን ቪዲዮ በአምባሰል ዘፈን ካላጀብሁ ምኑን አምባሰል ሆነ ብዬ አንድ የታወቀ ቅጂ ከሥሩ አስገባሁ። በሰዓታት ውስጥ የባለመብት ጥያቄ መጣ፤ ከቪዲዮው የሚገኘው ገቢ ለባለ ቅጂው ነው። ትክክል ነው፣ አልተከራከርሁም። ቅኝቱ የሁላችን ነው፣ ቅጂው ግን ባለቤት አለው፤ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996ም የሚለው ይህንኑ ነው። ከውጫሌ ወዲያ ያሉ አንድ ማሲንቆ ተጫዋች ፈልጌ ሄድሁ። «አያ፣ ቻናሉ ገና ሳንቲም አላገኘም፤ ግን በነጻ አላስጫወትዎትም» አልኋቸው። ተስማምተን ከፈልኋቸው፣ በእጅ የተጻፈ ውል ተፈራረምን። ቤታቸው ደጃፍ 22 ደቂቃ ተጫወቱ። ከዚያ ወዲህ ቪዲዮዎቼ ላይ የሚሰማው ማሲንቆ የእሳቸው ነው።

በ2015 ሰኔ 3,100 ሰዓት ደርሼ ነበር። ክረምቱ ላይ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ። እዚህ ላይ የ12 ወሩ ሕግ ምን ማለት እንደሆነ ገባኝ። ሰዓቱ እንደ ዕቁብ ገንዘብ ተቀምጦ አይጠብቅህም። ዛሬ የሚገባው ከፊት ሲደመር የዛሬ ዓመቱ ከኋላ ይቀነሳል። አዲስ ቪዲዮ ካልጫንህ ከኋላ የሚወጣው ይበልጣል። መንገድ ሲከፈት ሚሞሪ ካርዱን በላስቲክ ጠቅልዬ ለማውቀው ሾፌር እሰጥ ነበር፤ አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ተቀብሎ ይጭንልኛል። በወር አንድ፣ አንዳንድ ወር ምንም። ሰዓቱ ወደ 1,900 ወረደ። ከዚያ በታች እንዳይወርድ የያዘው የይስማ ንጉሥ ቪዲዮና የመንገዱ ቪዲዮ ናቸው፤ ውጭ ያሉት ያዩት ነበርና። መስመሩ ሲመለስ ከዚያው ተነስቼ በ2017 ኅዳር 4,000ን አለፍሁ።

ስለ ገንዘቡ በአጭሩ ልናገር። እኔ ስጀምር ኬንያና ኡጋንዳ ያሉበት የክፍያ ፕሮግራም ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ አልነበረችም፤ ስለዚህ እንደ ብዙዎቹ በውጭ ያለ ዘመድ ላይ መንጠልጠል ግድ ሆነ። የአክስቴ ልጅ ናት ሒሳቡን የያዘችው። ገቢው 10 ዶላር ሲደርስ የማረጋገጫ ቁጥር በፖስታ ቤቷ መጣላት፤ 100 ዶላር ሳይሞላ ክፍያ አይወጣም። ከማስታወቂያው 55 በመቶ ለባለ ቻናሉ ነው። ከዘመድም ጋር ቢሆን ማን ምን እንደሚወስድ አስቀድሞ መጻፍ ያስፈልጋል፤ በዚህ የተጣሉ ወንድማማቾች አውቃለሁ። በሐምሌ 2016 የዶላር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ስለነበር የመጀመሪያው ክፍያዬ በብር ሲመነዘር ከጠበቅሁት በላይ ሆነ። ለማሲንቆው አያ ጨመርሁላቸው። ከቀረው ላይ ደግሞ ለሽንኩርት ሻጯ እናት ቆጥሬ በፖስታ አደረግሁ።

እኚህን እናት በድያቸዋለሁ። ገበያው ላይ ሳነሳ ማንንም አልጠየቅሁም ነበር። ከኮሜንቱ ሳምንት በኋላ ፎቶ ቤቴ ድረስ መጡ።

«አንተ ልጅ፣ ምን አደረግሁህ?» አሉኝ።

ልጃቸው የምትልክላቸውን ገንዘብ አይነኩትም። ለእሷው መመለሻ ያስቀምጡላታል፤ እሳቸው ሽንኩርት እየቸረቸሩ ይኖራሉ። ለልጅቱ ግን «ገበያ መውጣት ትቻለሁ፣ ቤቴ ተቀምጬ ቡናዬን እጠጣለሁ» ብለው ነግረዋታል። ያ ዘጠነኛ ደቂቃ አጋለጣቸው። ልጅቱ ሌሊቱን ስታለቅስ አድራ ደወለች። ያን ቦታ ወዲያው ቆርጬ አወጣሁት፤ የስምንቱን ደቂቃ መንገድ ያሳየኝ እሱ መሆኑን እያወቅሁ። አሁን ገበያ የምወጣው ካሜራዬን ቤት ትቼ ነው፤ መጀመሪያ ዞሬ ሰላም እላለሁ፣ እጠይቃለሁ፣ በሚቀጥለው የገበያ ቀን ነው የማነሳው። ግማሾቹ አይሆንም ይሉኛል።

ፖስታውን ይዤ ቤታቸው ሄድሁ። ቡና አፈሉልኝ፣ መርቀውኝ ገንዘቡን ግን መለሱልኝ።

«ይልቅ የልጄን ፎቶ አሳድገህ አምጣልኝ። ስትሄድ አንተ ጋ ነው የተነሳችው።»

ኮምፒውተሩ ውስጥ ሁለት ሌሊት ፈልጌ አገኘኋት፤ የ2009 ፋይል ውስጥ፣ ነጩ ጨርቅ ፊት። አሳድጌ፣ አሳጥቤ፣ ፍሬም አስገብቼ ወሰድሁላቸው። በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ብርሃኑ ዞሩ፣ ብዙ ቆዩ።

«ለምንድን ነው የማትስቀው?» አሉኝ።

ለፓስፖርት ነው፣ አትሳቂ ያልኋት እኔ ነበርሁ።