ቃለ ጉባኤው ፕላኑን ሲለውጠው

ነዋሪን ማወያየት እንደ ሙያ የማይቆጠርበት ምክንያት ይገባኛል። ከውጭ ለሚያየው ሰው ሥራው ቀላል ነው። የወረዳው አዳራሽ ይከፈታል፣ ወንበር ይደረደራል፣ ኃላፊው ንግግር ያደርጋል፣ እጁን ያወጣ ይናገራል፤ በመጨረሻም «ከኅብረተሰቡ ጋር የጋራ መግባባት ላይ ተደርሷል» የሚል ሪፖርት ይጻፋል። እኔ በመልሶ ማልማትና በጋራ መኖሪያ ቤት ግንባታ ዙሪያ ነዋሪዎችን ሳወያይ ኖሬአለሁ። ሥራዬን የምለካው ግን በተሰብሳቢው ብዛት ወይም በጭብጨባው ድምቀት አይደለም። ከውይይቱ በኋላ በንድፉ ላይ የተለወጠ መስመር አለ ወይ? ከሌለ ስብሰባ ተካሂዷል፤ ምክክር ግን አልተደረገም።

ሕጉ ለዚህ ሥራ በቂ መቆሚያ ይሰጣል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ዜጎች በልማት የመሳተፍ፣ በተለይም ማኅበረሰባቸውን በሚነካ ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ የመመከር መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ቀድሞ መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ ይሠራበት የነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997 ለባለይዞታው ከ90 ቀን ያላነሰ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጠው ያዝ ነበር። እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዷል። ባለይዞታዎቹ ይዞታቸውን ከማስረከባቸው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ስለ ፕሮጀክቱ ዓይነት፣ ጥቅምና አጠቃላይ ሂደት እንዲወያዩ ይላል። መሬቱ ለኢንቨስትመንት በአስቸኳይ ሲፈለግ ግን ጊዜው ሊያጥር ይችላል። አወያይ የሆነ ሰው ከሁሉ በፊት ሊሟገትለት የሚገባው ይህ አንድ ዓመት ነው። ፕላኑ ጸድቆ፣ ተቋራጩ ተመርጦ፣ ማሽኑ ሰፈር ጥግ ከቆመ በኋላ የሚጠራ ስብሰባ የሚለውጠው ነገር የለውም። ነዋሪውም ይህን ያውቃል፤ ስለዚህ መጥቶ ያዳምጣል፣ ፊርማውን ያስቀምጣል፣ ይሄዳል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ማን ይጠራ?» የሚለው ነው። በመሀል አዲስ አበባ ይህ ጥያቄ ከባድ ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ከሆነ ወዲህ፣ አነስተኛ ኪራይ የሚከፈልባቸው ቤቶች ወደ ቀበሌ ዞሩ። በእነዚህ የጭቃ ቤቶች ውስጥ ትውልድ ተተክቷል። አባት የተከራየውን ቤት ልጅ ይኖርበታል፤ ጓሮው ላይ በቆርቆሮ የተቀጠለች ክፍል ለሌላ ተከራይታለች፤ በአንዱ ክፍል ውስጥ ደባል አለ። ማታ ማታ ብቻ ማደሪያ የሚከራይ ቀን ሠራተኛም አለ። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ስለ ምክክር ሲናገር የሚጠራው ባለይዞታን ነው። የወረዳው መዝገብ ደግሞ የቀበሌ ቤት ውል ያለውን ያውቃል። ከእነዚህ ሁለቱ ውጭ ያለው ሰው በወረቀት ላይ የለም። ቤቱ ሲፈርስ ግን እሱም ይነሣል፤ ያውም ያለ ምትክና ያለ ካሳ።

ስለዚህ የአወያይ የመጀመሪያ ሥራው በእግር መዞር ነው። ከመዝገቡ ይልቅ እድሩን እመርጣለሁ። የእድሩ ጸሐፊ ማን መዋጮ እንደሚከፍል፣ ማን በችግር ምክንያት ወደኋላ እንደቀረ ያውቃል። ጥሩምባ ነፊው ደግሞ በየትኛው ግቢ ስንት በር እንዳለ፣ ከየትኛው በር በስተጀርባ የአልጋ ቁራኛ የሆነ ሰው እንደተኛ ይነግርሃል። ከእነሱ ጋር ሰፈሩን ሳይዞር አዳራሽ የገባ አወያይ የሚያወያየው መዝገቡን ነው። የሚዞርበት ሰዓትም ይወስናል። በቀን ከዞርክ የምታገኘው ጡረተኛንና ሕፃን የያዘችን እናት ነው፤ ደባሉና ቀን ሠራተኛው የሚገኙት ከመሸ ነው።

የስብሰባ ሰዓትም እንዲሁ። ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት የተጠራ ውይይት ላይ ጉሊት የምትቸረችር ሴት አትገኝም፤ የዕለት ገቢዋ ነው። ዓርብ ቀትር ላይ የተጠራ ስብሰባ ሙስሊሙን ጎረቤት ያስቀራል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የተሻለ ነው፤ የእድር ወርሃዊ ስብሰባ ያለበት እሑድ ደግሞ ከሁሉ ይሻላል። ያን ጊዜ ሰዎቹ የሚሰበሰቡት በራሳቸው ጉባኤ ነው፤ እንግዳው አንተ ነህ። ይህ የቦታ ለውጥ ብቻውን ንግግሩን ይለውጠዋል።

አዳራሽ ውስጥ የሚነገረውን መስማት የራሱ ልምድ ይጠይቃል። የእኛ ሰው በመንግሥት ፊት ተቃውሞውን ገልጦ አይናገርም። መጀመሪያ ያመሰግናል። «ልማቱን እንደግፋለን» ይላል። ከዚያ ትንሽ ይተነፍስና አንድ ተራ ነገር የሚመስል ጥያቄ ያነሣል። ጀማሪ አወያይ ምስጋናውን ጽፎ ጥያቄውን ያልፈዋል፤ ሪፖርቱ ላይም «ነዋሪው ደግፏል» ይላል። የተካነው ምስጋናውን በአክብሮት ተቀብሎ ብዕሩን ለጥያቄው ያቆያል። አንዲት አዛውንት እንዲህ ያሉኝን አልረሳውም፦ «ልጄ፣ ልማቱ ጥሩ ነው፣ እግዜር ይስጣችሁ። ብቻ እኔ አራተኛ ፎቅ ቢደርሰኝ፣ ሬሳዬ በዚያ ደረጃ እንዴት ይወርዳል?» አዳራሹ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «እማማ፣ ይሄንን ለመሐንዲሱ እጠይቅልዎታለሁ» አልኳቸው። ጥያቄው የደረጃው መታጠፊያ ስፋት ጥያቄ ነው። የሬሳ ሳጥን የማያዞር መታጠፊያ ቁም ሳጥንም፣ በቃሬዛ የተያዘ በሽተኛም አያዞርም። ሊፍት በሌለው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ላይ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የዚህ ሙያ እምብርት እዚህ ላይ ነው፤ የነዋሪን ንግግር ንድፍ አውጪ ሊሠራበት ወደሚችል ነገር መቀየር። ሰው በሜትርና በኪሎዋት አይናገርም፤ በኑሮው ይናገራል። «እንጀራዬን የት ልጋግር?» ስትል፣ ለሽያጭ የምትጋግር ሴት ሁለትና ሦስት ምጣድ ጎን ለጎን እንደምትጥድ፣ ለአንድ ቤተሰብ ፍጆታ የተሰላ የኤሌክትሪክ መስመር ደግሞ ያንን እንደማይሸከም መረዳት ያንተ ድርሻ ነው። «ድንኳን የት ይተከላል?» የሚል ካለ፣ በብሎኮቹ መካከል የሚተወው ክፍት ቦታ መኪና ማቆሚያ ብቻ እንዳይሆን እየጠየቀ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በገርጂ ተጀምሮ በከተማው የተስፋፋው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ለዚህ መልስ አስቦ ነበር። ለእርድ፣ ለልብስ ማጠቢያ፣ ለድግስ የሚሆን የጋራ መገልገያ ሕንፃ ከብሎኮቹ ጎን ይሠራል። ሐሳቡ መልካም ነው። ማን ያስተዳድረዋል፣ ቁልፉ ማን ዘንድ ይሆናል፣ ለሌላ ዓላማ እንዳይከራይ ማን ይከለክላል የሚሉት ጥያቄዎች ግን ቤቱ ከመሠራቱ በፊት ካልተወሰኑ ሕንፃው ከነዋሪው እጅ ይወጣል።

የምድር ወለል ሱቆችም እንዲሁ። በኮንዶሚኒየም ሳይቶች የንግድ ቤቶች በብዛት የሚሸጡት በጨረታ ነው። በጨረታ የሚያሸንፈው ገንዘብ ያለው ነው። ቤቷ በር ላይ ሽንኩርትና በርበሬ ትሸጥ የነበረች፣ ጠላ ጠምቃ ልጆች ያሳደገች፣ ጫማ እየሰፋ የኖረ ሰው በዚያ ጨረታ ቦታ የለውም። ለእነዚህ ሰዎች ቤት ማለት የሥራ ቦታም ነበር። በውይይቱ ላይ ይህ ሲነሣ «ወደሚመለከተው አካል እናስተላልፋለን» ማለት ይቀላል። ከባዱ ሥራ በሳይቱ ፕላን ላይ ጣት አስቀምጦ «ለጉሊት የሚሆነው ቦታ የትኛው ነው?» ብሎ እስኪመለስ ድረስ መጠየቅ ነው።

ስለ ገንዘብ ሲነሣ ደግሞ ጥቅል ንግግር ጉዳት ያደርሳል። 10/90፣ 20/80 እና 40/60 በሚባሉት አማራጮች የመጀመሪያው ቁጥር ቅድመ ክፍያውን፣ ሁለተኛው የባንክ ብድሩን ድርሻ ያመለክታል። ይህን በማይክ አስረድቶ መቀመጥ በቂ አይደለም። ለቀበሌ ቤት በወር ጥቂት ብር የሚከፍል ቤተሰብ፣ ቅድመ ክፍያውን ከየት እንደሚያመጣ፣ ከዚያ በኋላ በየወሩ ለባንክ ምን ያህል እንደሚከፍል፣ ለስንት ዓመት እንደሚከፍል በራሱ ቁጥር ማየት አለበት። ቤት ደርሷቸው ወርሃዊ ክፍያው ስለከበዳቸው አከራይተው ራሳቸው ሌላ ቦታ ተከራይተው የወጡ ብዙ ናቸው። ለልማት ተነሺ የሚቀርበው ምርጫ ኮንዶሚኒየም ወይም ምትክ የቀበሌ ቤት ሲሆን፣ ምርጫው በአዳራሽ እጅ በማውጣት አይሆንም። ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ አብረው ቁጭ ብለው የሚወስኑት ነገር ነው። የትራንስፖርቱም ሒሳብ አብሮ መግባት አለበት። ከመሀል ከተማ ተነሥቶ የካ አባዶ፣ ኮዬ ፈጬ ወይም ጀሞ የሚሄድ ሰው ሥራው አራት ኪሎ ወይም መርካቶ ከቀረ፣ የአውቶቡስና የታክሲው ወጪ ከቤቱ ክፍያ ጎን መጻፍ አለበት።

ነዋሪው የማያውቃቸው፣ አወያይም ደፍሮ የማያነሣቸው ሁለት ድንጋጌዎች በዚያው በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ውስጥ አሉ። አንደኛው፣ መልሶ በሚለማ አካባቢ ያሉ ባለይዞታዎች በፕላኑ መሠረት በግል ወይም በቡድን ይዞታቸውን ራሳቸው ለማልማት ቅድሚያ እንዳላቸው ይናገራል። ሁለተኛው፣ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ ካሳ እንዲኖር ያደርጋል። ሕጉ ራሱ ጎረቤት ዋጋ እንዳለው አምኗል ማለት ነው። ታዲያ ካሳውን ከመክፈል ትስስሩን ማትረፍ አይሻልም ወይ? አንድ እድር የሚጋሩ ቤተሰቦች በአንድ ሳይት፣ ቢቻል በተቀራራቢ ብሎክ እንዲደለደሉ መጠየቅ ይቻላል። እጣው በግለሰብ ሲወጣ ሰፈር ይበተናል፤ በቡድን ሲወጣ ግን አብሮ ይሄዳል። ይህን የሚጠይቀው ሌላ ማንም ሳይሆን የአወያዩ ሪፖርት መሆን አለበት።

ሐቀኛ አወያይ የማይለወጠውንም ይናገራል። መንገዱ የሚያልፍበት መስመር ከተወሰነ፣ ተወስኗል ይባል። የሕንፃው ከፍታ ለድርድር ክፍት ካልሆነ፣ ክፍት አይደለም ይባል። ሰው የሚቀየመው «አይሆንም» ሲባል ሳይሆን፣ ይሆናል የተባለው ነገር ቀድሞ አልቆ የነበረ መሆኑን ሲሰማ ነው። የማያውቁትን «አላውቅም፤ እስከዚህ ቀን አጣርቼ እመለሳለሁ» ማለትም የሙያው አካል ነው። በተባለው ቀን መመለስ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል።

ለዚህም መሣሪያው ቃለ ጉባኤ ነው። የተለመደው ቃለ ጉባኤ ተናጋሪን ዘርዝሮ በስምምነት ይዘጋል። እኔ ዘንድ ግን እያንዳንዱ ጥያቄ በራሱ ረድፍ ይጻፋል። ከጎኑ መልስ የሚሰጠው ባለሙያ፣ መልሱ የሚሰጥበት ቀን፣ በፕላኑ ላይ የመጣው ለውጥ ይሰፍራል። ለውጥ ካልመጣ ምክንያቱ ይጻፋል። ይህ ወረቀት በወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳና በእድሩ ቤት ይለጠፋል፤ በሚቀጥለው ስብሰባ መጀመሪያ ላይም ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይነበባል። የተጻፈለትን ጥያቄ የሰማ ሰው ሁለተኛውን ይጠይቃል፤ ያልተጻፈለት ዝም ይላል።

ይህ ሁሉ ሥራን ያዘገያል የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። ክርክራቸው ቀላል አይደለም። በ2005 ዓ.ም. ለጋራ መኖሪያ ቤት የተመዘገበው ሕዝብ ወደ አንድ ሚሊዮን የተጠጋ ነበር። ከእነሱ ውስጥ ብዙዎቹ አሁንም በየወሩ እየቆጠቡ እጣ ይጠብቃሉ። እነሱ አዳራሹ ውስጥ አልተቀመጡም፤ ነገር ግን የሚሠራው ቤት የእነሱም ተስፋ ነው። አንድ ሰፈር አልነሣም ስላለ ግንባታው ሁሉ ይቁም ማለትም ፍትሕ አይሆንም። ምክክር ለነዋሪው የሚሰጠው ፕሮጀክቱን የማስቆም ሥልጣን አይደለም፤ ፕሮጀክቱን የማረም ዕድል ነው። ጊዜ የሚበላውም ምክክሩ አይደለም። ነዋሪው ሳይስማማ የተጀመረ ግንባታ በአቤቱታ፣ በክርክር፣ በባዶ ሱቅና በተከራየ የጋራ ሕንፃ ከዚያ የበለጠ ዕድሜ ይፈጃል።

ወደዚህ ሥራ ለሚመጡ ወጣት የማኅበራዊ ጥናት ባለሙያዎችና የከተማ ፕላነሮች የምለው አንድ ነገር አለ። ማይኩን ከመጨበጣችሁ በፊት አለቆቻችሁን «ከዚህ ፕላን ውስጥ እስካሁን ሊለወጥ የሚችለው የቱ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «ምንም» ከሆነ ስብሰባውን መረጃ መስጫ ብላችሁ ጥሩት፤ በምክክር ስም አትጥሩት። ነዋሪውም ይህንኑ ጥያቄ ይጠይቅ። ፊርማውን ከማኖሩ በፊት ፕላኑ ይዘርጋለት፤ ጥያቄውም በቃለ ጉባኤው ላይ መጻፉን በዓይኑ ይይ። ይህ መብቱ ነው፤ መብቱን የሚያስከብርለት አወያይ ደግሞ ሙያውን የሠራ አወያይ ነው።