ያረጀ የጭቃ ቤት ሲታደስ ምኑ ይታይ?

አዲስ አበባ ውስጥ ያረጀ የጭቃ ቤት ገዝተው የሚያድሱ ባልና ሚስት ሥራውን አብዛኛውን ጊዜ የሚመዝኑት በግድግዳው ልስላሴ ነው። ቀለሙ ካማረና ኮርኒሱ ከነጣ ቤቱ ታደሰ ይባላል። ይህ ሚዛን የተሳሳተ ነው ብዬ አምናለሁ። ጥሩ ጥገና የዝናብን ውሃ ከቤቱ ያርቃል፤ ሾልኮ የገባውንም መልሶ ያስወጣል። የግድግዳው ውበት ከዚህ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

ምክንያቱ ያለው ቤቱ በተሠራበት መንገድ ላይ ነው። ግድግዳውን የሚሸከሙት ቋሚዎችና ማገሮች ናቸው፤ በላያቸው ከጭድ ጋር የቦካ ጭቃ ይመረጋል። እንጨቱ ክረምት እርጥበት ስቦ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይኮማተራል። ምርጊቱ በመጠኑ አብሮት ይንቀሳቀሳል፤ ቢሰነጠቅም የያዘውን እርጥበት ወደ አየር ይለቃል። የሲሚንቶ ልስን ግን ግትር ነው። ከሥሩ ያለው ጭቃና እንጨት ሲንቀሳቀስ እሱ ይሰነጠቃል፤ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ በስንጥቁ ገብቶ እዚያው ይታፈናል። የቋሚው እግር ውስጥ ውስጡን ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይከተላል፤ ፊቱ ግን ለዓመታት ደህና መስሎ ይቆያል። በጎንደር የፋሲል ግቢም ተመሳሳይ ትምህርት ተገኝቷል። በጣሊያን ወረራ ዘመን በሲሚንቶ የተደረገው ጥገና ለጥንቱ ግንብ የማይስማማ ሆኖ በመገኘቱ ኋላ ላይ በኖራ እንዲተካ ተደርጓል። ያ የድንጋይ ግንብ ነው፤ የእንጨትና የጭቃ ግድግዳ ደግሞ ከእርጥበት ጋር ያለው ጠብ የባሰ ነው።

ስለዚህ ዓይን መጀመሪያ ወደ ጣሪያው ይሂድ። የቆርቆሮው ሚስማር የተመታው በሞገዱ ጫፍ ላይ ነው ወይስ ውሃው በሚወርድበት ቦይ ውስጥ? የጣሪያው ጠርዝ ከግድግዳው ምን ያህል ወጥቷል? አሸንዳው ውሃውን የት ይደፋዋል? ከዚያ ወደ እግሩ መውረድ ነው። ቅጥር ግቢውና መንገዱ በየጊዜው እየተሞላ የውጪው መሬት ከቤቱ ወለል በላይ ከሆነ፣ አፈሩ ሳይቆረጥና ማፋሰሻ ሳይበጅለት የተለሰነ ግድግዳ ሥራው ገና አልተጀመረም። ጣውላ ወለል ባላቸው ቤቶች በድንጋዩ መሠረት ላይ የሚተዉትን የአየር ቀዳዳዎች ለማሳመር ሲባል መድፈን ወለሉን ለብስባሴ አሳልፎ መስጠት ነው። የተተካ ቋሚ ካለ ደግሞ የበሰበሰው ተቆርጦ አዲሱ በድንጋይ ላይ ቆሟል ወይስ ከአሮጌው ጎን በሚስማር ተለጥፏል? የግድግዳውን ታች በጣት አንኳኩቶ ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን ቦታ መለየትም ብዙ ይናገራል።

ሲሚንቶ በየጊዜው ከመምረግ ያሳርፋል የሚል መልስ አለ። እውነትነት አለው፤ ምርጊት እንክብካቤ ይፈልጋል፣ ሁለቱም ሥራ ለሚውሉ ባልና ሚስት ይህ ቀላል ሸክም አይደለም። ነገር ግን የምርጊት ጉዳት በዓይን ይታያል፣ በትንሽ ወጪም ይደፈናል። በሲሚንቶ ሥር ያለው ሲታወቅ ግን ግድግዳ ማፍረስ ይመጣል። ኖራ መካከለኛ መንገድ ነው፤ ከጭቃ የበለጠ ዝናብ ይችላል፣ እንደ ሲሚንቶም አያፍንም። አፍርሶ በብሎኬት መሥራት ይሻላል ለሚሉት ደግሞ በአንድ ነገር እስማማለሁ፦ የአብዛኛው ቋሚ እግርና የጣሪያው ወራጆች ከበሰበሱ ማደስ ገንዘብ ማባከን ነው። ጉዳቱ በአንድ ጎን ብቻ ከሆነ ግን ጤነኛውን አብሮ ማፍረስ አያስፈልግም።

ሁለት ሰው አብሮ ሲያድስ ጠብ የሚነሣው ገንዘቡ በቅድሚያ እንግዳ ለሚያየው ክፍል ሲወጣ ነው። ጣሪያ፣ ማፋሰሻ፣ የቋሚ እግር፣ ከዚያ ግድግዳ የሚለውን ቅደም ተከተል ሥራው ሳይጀመር መስማማት፣ ከመለሰኑም በፊት የሚሸፈነውን ሁሉ ሁለቱም አይተው ፎቶ ማንሣት ይገባል። ማስረጃ መያዝ ለንብረት ጉዳይም ይጠቅማል። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ከጋብቻ በፊት የተያዘ ወይም በውርስ የተገኘ ቤት የግል ንብረት ሆኖ ሊቀጥል ይችላል፤ በጋብቻ ውስጥ የሚገኝ ደመወዝ ግን የጋራ ነው። ቤቱ የአንዱ ሆኖ ማደሻው ከሁለቱ ኪስ ከወጣ የቆርቆሮውም የኖራውም ደረሰኝ ከፎቶዎቹ ጋር በአንድ ማኅደር ይቀመጥ።