ምራትና አማት በአንድ መኪና

ኢንግማር በርግማን በ1957 እ.ኤ.አ. ከሠራው «የጫካ እንጆሪ» ፊልም አብልጬ የምወደው መኪናዋ ውስጥ ያለውን ወግ ነው። ሚስታቸው የሞተችባቸው የ78 ዓመቱ ሐኪም ኢሳክ ቦርግ የክብር ማዕረግ ሊቀበሉ ከስቶክሆልም ወደ ሉንድ ይነዳሉ፤ ምራታቸው ማሪያን አብራቸው አለች። ራሳቸውን ብቻ የሚወዱ ሽማግሌ እንደሆኑ ፊት ለፊት ትነግራቸዋለች። በእኛ ቤት አማቷን እንዲህ የምትደፍር ምራት ትገኝ ይሆን? እሳቸው ግን ይሰማሉ። ማታ ላይ እንደሚወዷት ሲነግሯት እሷም ፍቅሯን አትነፍጋቸውም።

የእሳቸውን ኀዘን ለቅሶ ደራሽ አያውቀውም፤ የሚመጣው በሕልም ነው፤ ሚስታቸውን ከሌላ ወንድ ጋር ያያሉ። ቦርግን ሆነው የተወኑት ቪክቶር ሼስትሮም ራሳቸው በ1945 ባለቤታቸውን ቀብረዋል። የሽማግሌን ኀዘን እንዲህ የተሸከመ ፊት በሌላ ፊልም አላየሁም።