ማርከሻውን ጠይቁ

ቡሬ ገበያ በርበሬ የሚገዛ ሰው በቀላሉ አይታለልም። ዛላውን ነቅንቆ የዘሩን ድምፅ ይሰማል፣ ሰብሮ ውስጡ ሻጋታ እንዳለ ያያል፣ ከጆንያው አፍ ያለውን ትቶ እጁን እስከ ክርኑ ሰዶ ከታች ያለውን ያወጣል። ሚዛን እንዲደፋ ውሃ የተርከፈከፈበትን በመዳፉ ይለየዋል። ይኸው ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ ለታመመች ልጁ አንድ እስር ዳማ ከሴ፣ አንድ ጭብጥ ፌጦ፣ አንድ ቁራጭ ቀበሪቾ ሊገዛ ጎንበስ ሲል ግን ያ ሁሉ ብልጠቱ ይጠፋል። መድኃኒት ነው ካሉት መድኃኒት ነው፤ ይከፍላል፣ ይሄዳል። በርበሬው ቢበላሽ ወጥ ይበላሻል። መድኃኒቱ ቢበላሽ ምን እንደሚበላሽ መናገር አያስፈልግም።

በዳማ ከሴ ልጀምር። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው ወይና ደጋ በጓሮ አጥር ሥር የማይገኝበት መንደር የለም ማለት ይቻላል። ምች የመታው ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው፤ ጭማቂው ፊትና ግንባር ላይ ይታሻል፣ በአፍንጫ ይሳባል፣ ጥቂት ጠብታ ቡና ላይ ይደረግና ይጠጣል። ጥሩውን ለመለየት አንድ ቅጠል ቀንጥሶ በሁለት ጣት ማሸት ነው። ሽታው ሳይጠሩት መምጣት አለበት። አፍንጫ ድረስ አስጠግተው የሚፈልጉት ሽታ ከሆነ ቅጠሉ ወይ አርጅቷል ወይ ፀሐይ ላይ ውሏል። ቀጥሎ ገጹን መዳሰስ፤ የዳማ ከሴ ቅጠል ለጣት የሚታወቅ ስስ ጠጉር አለው። ዘመዱ በሶብላ በጠረኑ ይቀርበዋል እንጂ ቅጠሉ ልሙጥ ነው፤ በሶብላ ቀላቅሎ የሚያስር ሻጭ ቢኖር እዚህ ላይ ይያዛል። እኔ ያላበበውን ቅርንጫፍ እመርጣለሁ፤ ከጫፉ ለጋ ቅጠልና ከግርጌው ሻካራ ቅጠል መሃል ያለውን። መዳፍ ውስጥ ሲጨመቅ ጥቁር አረንጓዴ ጭማቂ ይወጣዋል፤ እጅ ከታጠቡ በኋላም ሽታው አይለቅም።

አያያዙም የሻጩን ሙያ ያሳያል። ፌስታል ውስጥ ታፍኖ የመጣ ቅጠል ያልበዋል፣ ይጠቁራል፣ እኩለ ቀን ሳይሆን ይሸታል። በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ጥላ ሥር የምታስቀምጥ ሴት ካለች የእሷ ደንበኛ መሆን ይሻላል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ እነዚህ ሽታ ያላቸው ዕፅዋት ሥራቸውን የሚሠሩት ቅጠላቸው ውስጥ ባለው በሚተን ዘይት ነው፤ ሙቀትና ፀሐይ ደግሞ ያንኑ ዘይት ይዞት ይሄዳል። ደርቀው ለሚሸጡት ጦስኝና ኮሰረትም ሕጉ ይኸው ነው። በጥላ የደረቀ ጦስኝ አረንጓዴነቱን አይጥልም፣ እንጨቱ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። አስፋልት ዳር ፀሐይ ላይ የተሰጣው ገለባ ይመስላል፤ ሻዩም ገለባ ገለባ ይላል።

ምች ካነሣሁ ስለ ወባ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ከከተማው ወጥቶ ወደ ብር ሸለቆ ወረድ ሲል ወባ ያለበት ቆላ ነው፤ ሰዉም ለሥራ ይወርዳል፣ ይወጣል። ብርድ ብርድ ብሎት የሚያንቀጠቅጠው፣ ትኩሳቱ ለቀቅ ብሎ የሚመለስበት ሰው ምች ነው ተብሎ ዳማ ከሴ ሲታሽ ሦስት ቀን ማደር የለበትም። በዕለቱ ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙን ይታይ፤ ዳማ ከሴውን ሲመለስ ይታሻል። ይህን ለገዥዋ ሳትጠየቅ የምትናገር ሻጭ ገበያው ውስጥ ካለች፣ ከሌሎቹ ሁሉ እሷን እመኑ።

ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ሌላ ጠባይ አላቸው። ኃይላቸው ሲወቀጡ የሚወለድ ነው። ያልተሰበረ የፌጦ ፍሬ አፍ ውስጥ ቢያኖሩት ዝም ይላል፤ ጥርስ ሲያርፍበት ነው አፍንጫ ድረስ የሚወጣው። ስለዚህ ተፈጭቶ የተቀመጠ ፌጦ ብዙ ጥቅም የለውም፤ ፍሬውን ገዝቶ በሚፈልጉት ሰዓት ወቅጦ ሎሚ መጭመቅ ነው። ነጭ ሽንኩርትም ተወቅጦ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ በኋላ ቢወሰድ ይሻላል፤ ሙሉውን የሚውጥ ሰው ልፋቱ ከንቱ ነው። በጥቁር አዝሙድ የሚያታልሉ ደግሞ አሉ፤ የሽንኩርት ዘር ይቀላቅሉበታል፣ ሁለቱም ጥቁርና ማዕዘናም ስለሆኑ ለዓይን አይለዩም። ጥቂቱን መዳፍ ላይ አሽቶ ማሽተት ወይም ሁለት ሦስት ፍሬ ማኘክ ነው። ሽንኩርት ሽንኩርት ካለ ሽንኩርት ነው።

ጤና አዳምን ሁሉም ሰው የዋህ አድርጎ ያየዋል፤ ቡና ላይ ስለሚጣል ይመስለኛል። ቡና ላይ አንዲት ዘለላ ሌላ፣ ጭማቂው ሌላ ነው። ጭማቂውን ቆዳ ላይ ተቀብቶ ፀሐይ የሞቀ ሰው ውሃ የቋጠረ ቃጠሎ ሊያወጣ ይችላል። ነፍሰ ጡር ደግሞ ለመድኃኒት ተብሎ የተጨመቀውን ጨርሶ መጠጣት የለባትም። አንድ መድኃኒት አዋቂ ጤና አዳም አዝዞ እነዚህን ሁለቱን ካልተናገረ እውቀቱ ከቡና ስኒ አላለፈም።

ባለሙያን ከተራ ሰው የሚለየው ግን ኮሶ ነው። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጀምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ሰከላ ግሽ ዓባይ ደርሶ የዓባይን ምንጭ አየ፤ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ውስጥ ደግሞ የኮሶን ዛፍ ሥዕል ከነአበባው አወጣ። አውሮፓውያን የምንጩን ነገር ሲከራከሩበት ኖሩ፤ ለእነሱ ሆድ ይበልጥ የጠቀመው ግን ኮሶው ነው፤ በኋላ የአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች እስከ መሸጥ ደርሰዋል። ኮሶ ደገኛ ዛፍ ስለሆነ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ገበያ የሚመጣው ከላይ፣ ከሰከላና ከቋሪት በኩል ካለው ደጋ ነው። መንገድ ላይ በቆየ ቁጥር ይደክማል።

ኮሶ ሴቴና ወንዴ አለው። የሚፈለገው ሴቴው ነው፤ አበባው ቀላ ይላል። ወንዴው ወደ ቢጫና ነጭ የሚያደላ ሲሆን ያስመልሳል ይላሉ አዋቂዎች። አበባው ዘር ሳይዝ መቆረጥ አለበት፤ ዘር የያዘውን በጣት ሲያፈርሱት ፍሬው ይቆረቁራል። ዕድሜውን ቀለሙ ይናገራል፤ የዘንድሮው ቅላቱ አለ፣ የዓምናው ቡናማ ሆኗል፣ ከዚያ የቆየው ደግሞ ሲነኩት አቧራ ነው። አንዳንድ ሻጭ ክብደት ይጨምርልኛል ብሎ ግንጣዩን ሳያወጣ ይሸጣል። ጥሩ አዘጋጅ ግን አበባውን ከእንጨቱ ለይታ ትፈጫለች፣ በወንፊት ትነፋለች፣ በውሃ ወይም በጠላ ትዘፈዝፋለች፣ ማታ ቀለል አድርጎ በልቶ ላደረ ሰው በጠዋት በባዶ ሆዱ ትሰጣለች። የሰውየውን አቋም ሳታይ አትለካም። ኮሶ ሲበዛ ዓይን ያጠፋል፤ ይህ የመንደር ማስፈራሪያ አይደለም፣ ሐኪሞችም መዝግበውታል። ጥንት በየሁለት ወሩ ይጠጣ በነበረበት ዘመን «ኮሶ ጠጥቻለሁ» ያለ ሰው ያን ቀን ከቤቱ አይወጣም፣ እንግዳም አይቀበልም፣ ማንም አይከፋበትም። ዛሬ ለኮሶ ትል አንድ ጊዜ የሚዋጥ ኪኒን እያለ ኮሶ ጠጡ ብዬ አልመክርም። እኔም አልጠጣም። ግን አንድ አዋቂ ኮሶን እንዴት እንደሚመርጥና እንደሚለካ ካየሁ ሌላውን መድኃኒቱን ለመገመት ይበቃኛል።

ከቅጠሉ ወደ ሰውየው ልለፍ። አገሩ ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ መድኃኒቱም ለዘመናት ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጋር አብሮ ኖሯል። የመድኃኒት መጻሕፍት በብራና ተጽፈው ከመሪጌታ ወደ ተማሪ ሲተላለፉ የቆዩ ናቸው። በዚያው ልክ «ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ» የሚለው ስድብም አለ፤ ሰዉ አዋቂውን ይፈልገዋል፣ ይፈራዋል፣ ያማዋል። በዚህ ምክንያት ብዙዎቹ እውቀታቸውን ይደብቃሉ፤ ከተነገረ ኃይሉ ይሄዳል ይባላል። ምሥጢሩን ለራሱ ይያዝ፣ ግድ የለኝም። የቅጠሉን ስም ባይነግረኝም መልስ የምፈልግባቸው ጥያቄዎች ግን አሉኝ።

ዋናው ማርከሻው ነው። «አባቴ፣ ይህ ቢከብደኝ ማርከሻው ምንድነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ያወቀ ሰው ሳያመነታ ይመልሳል፤ እንደ መድኃኒቱ ዓይነት እርጎ፣ ወተት፣ ሹሮ፣ ጠላ ይላል፣ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደሚወሰድም ይጨምራል። አንዳንዱ ማርከሻውን አስቀድሞ አስዘጋጅቶ ካላየ መድኃኒቱን አያወጣም። እንዲህ ያለው ሰው መድኃኒቱን ሌላ ሰው ላይ አይቶታል፣ ሲከብድ አይቶታል፣ ሲመለስም አይቶታል። «የኔ መድኃኒት ምንም አያመጣም» የሚለው ግን ወይ መድኃኒቱ ባዶ ነው ወይ እሱ አላየም። እርግጥ ማርከሻ ሁሉን አይመልስም። አስተናግርን ወተት አያረክሰውም። ለአእምሮ መክፈቻ ተብሎ ከአስተናግር የተዘጋጀ አብሾ የጠጣ ተማሪ ታሪክ በየደብሩ አለ፤ «አብሾ አለበት» የምንለው ሰውም ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ጎጃሜ ሁሉ ያውቃል። አስተናግር ያለበትን ማናቸውንም ነገር የሚያጠጣ ሰው ቤት ቁጭ ብሎ ስለ ልክ መጠየቅ ራሱ ትርፍ ነው፤ ተነሥቶ መውጣት ነው።

ከማርከሻው ቀጥሎ ልኩ። ጥሩ አዋቂ በስኒ፣ በፍንጃል፣ በቁንጥር ይለካል፤ ለልጅ፣ ለሽማግሌና ለአራስ አንድ ዓይነት አይሰጥም። ግን ቁንጥሩ ራሱ ከየት የመጣ ቅጠል እንደሆነ ካላወቀ ልኩ ግማሽ ልክ ነው። እንዶድ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ወንዝ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወረድ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ፤ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ በእንዶድ እንደሚሞት የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። ከየቦታው እንዶድ ሰብስበው ሲያወዳድሩ የአንዱ ኃይል ከሌላው በእጅጉ ተለየ፤ ለሥራው የተመረጠውም 44 የሚል ቁጥር የተሰጠው ዓይነት ነበር። ስሙ አንድ፣ መልኩ አንድ፣ ጉልበቱ ግን የተለያየ። ስለዚህ ቅጠሉን ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ወቅት፣ በራሱ እጅ የሚቆርጥ አዋቂ ልኩን ያውቀዋል። ከገበያ የሚሸምት አዋቂ ይገምታል።

ሦስተኛው፣ እምቢ ማለት መቻሉ ነው። የዕብድ ውሻ የነከሰውን ሰው የሚቀበል መድኃኒት አዋቂ፣ ስሙ የቱንም ያህል ቢገን፣ ጥሩ አዋቂ አይደለም። የዕብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ነገር፣ ከቅጠልም ከሆስፒታልም፣ የለም ማለት ይቀላል፤ የሚያድነው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ሳይዘገዩ ክትባቱን መጀመር ነው። ቅጠል ሲጠበቅ የሚያልፈው ያ ጊዜ ነው። የወፍ በሽታም እንዲሁ ነው፤ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ብዙ ጊዜ ጉበቱ የተጎዳ ነው፣ በተጎዳ ጉበት ላይ ምንነቱ ያልታወቀ ጭማቂ መጨመር ጭነት መደረብ ነው። ዓይን ውስጥ ጭማቂ የሚያንጠባጥብንም በዚሁ ሚዛን አያለሁ። «ይህ የኔ አይደለም፣ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ውሰዱት» የሚል ሽማግሌ ሳገኝ ቀሪውን መድኃኒቱን በበለጠ እምነት እወስዳለሁ።

ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ የጠጣችሁትን አትደብቁ፤ ተራፊ ቅጠል ካለ ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪሙ ቢቆጣም ይቆጣ።

ስለ ቀበሪቾ ጥቂት ልበል፤ ሥሩ ስለሆነ የሚፈለገው ነገሩ ከቅጠል ይለያል። ከኢትዮጵያ ውጭ አይገኝም። ጥሩው ሥር ሲቆረጥ ልቡ ጠረን አለው፣ ፍም ላይ ሲጣል ጭሱ ወፍራምና ጣፋጭ ነው፤ የቆየው እንጨት ብቻ ይሸታል። ቆፋሪው ግን ሥሩን ነቅሎ ሲወስድ ተክሉን ይዞት ይሄዳል፤ በዚህ ምክንያት ከየዳገቱ እየጠፋ ነው፣ ቁራጩም ከዓመት ዓመት እየቀጠነ ይመጣል። ቀጭን ቀጭኑን ብቻ የያዘ ሻጭ ካያችሁ ሳይደርስ የተቆፈረ ነው፤ አትግዙት። ዳማ ከሴ ቅርንጫፉ ተቆርጦ ቢተከል ይይዛል፣ ጤና አዳምም እንዲሁ፤ ክረምት ሲገባ ከጎረቤት አንድ አንድ ዘንግ መለመን ነው። ቀበሪቾን ግን ዘሩን ለቅሞ መዝራት ይጠይቃል፤ ሥሩ ለመቆፈር እስኪደርስም ዓመታት ይፈጃል።