የዕድር መዝገብና የጎረቤት ሳል

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት ለተማሪዎቼ የማልተዋት አንዲት ጥያቄ ነበረችኝ። «የዚህ ድርሰት ዋና ገጸ ባሕርይ ማነው?» ብዙ የሚያወራውን ማለቴ አይደለም፤ ነገሩ ሁሉ በዙሪያው የሚሽከረከርለትን ነው። እስቲ በዚህችው ጥያቄ የዕድራችንን መተዳደሪያ ደንብ እናንብበው። የሰፈር ደንብ ብዙም አይለያይምና እርስዎም የራስዎን ከመሳቢያ አውጥተው ሊያስተያዩት ይችላሉ።

ዋናው ገጸ ባሕርይ ሟቹ ነው። ለአባት፣ ለእናት፣ ለልጅ፣ ለእህት፣ ለአማት የሚከፈለው በየደረጃው ተደርድሯል። ድንኳኑ ስንት ቀን እንደሚቆም፣ ወንበሩን ማን እንደሚያጓጉዝ፣ ቀብር ያልወጣ ስንት እንደሚቀጣ ተጽፏል። ድስት ያጎደለ እንኳ የራሱ አንቀጽ አለው። በሽተኛውስ? ዕድለኛ ከሆነ «አባል ሲታመም ይጠየቃል» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር አለችው። ማን ይጠይቀዋል? በስንት ቀን? ያልጠየቀስ ምን ይሆናል? የለም። ግሡ ተገብሮ ነው፤ አድራጊው ተሰውሯል። ሰውዬው አልጋ ላይ በዋለባቸው ወራት ሁሉ ከድርሰቱ ውጪ ይቆይና የሞተ ዕለት በክብር ይገባል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄው ነው።

ዕድርን ለማቃለል አይደለም ይህን የምለው። መንግሥት ሲለዋወጥ፣ ከላይ የተቋቋመው ማኅበር ሁሉ መጥቶ ሲሄድ፣ ዕድር ግን በወር መዋጮው ቆሟል። በዚህ አገር ከዕድር ገንዘብ ያዥ የበለጠ የሚታመን ሹም አላውቅም። ስለዚህ ነው «የሰፈር ዕድሮችና ማኅበራት ተቀናጅተው ለፍትሐዊ የጤና አገልግሎት ይሥሩ» ሲባል ጆሮዬን የማቆመው። ሐሳቡ ትክክል ነው። አነጋገሩ ግን ያስጠረጥረኛል። በስብሰባው ዕለት ዕድሩ «ባለድርሻ አካል» ይባላል፤ ድርሻው ምን እንደሆነ ሲታይ ደግሞ ጥሩምባ መንፋት ነው። ዘመቻ አለ፣ ሕዝቡን ጥሩልን፤ ክትባት አለ፣ አስታውቁልን። ካናቴራና ኮፍያ ይታደላል፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ተብሎ ይጨበጨባል። ይህ ምስኪን ተረት በየአዳራሹ ስንት ጊዜ እንደተጎተተ! አንበሳው የት ሰፈር እንዳለ የሚጠይቅ ግን የለም።

መቼም ዕድር ከቀብር ሌላ አይችልም የሚለኝ ካለ የ1990ዎቹን ያስታውስ። ያኔ ኤድስ ወጣቱን ሲያረግፈው ዕድሮች ከካዝናቸው አቅም በላይ ቀበሩ። ሳምንት ሳይሞላ ድንኳን እየነቀሉ ሌላ ቤት መትከል ሆነ። ቀስ በቀስ ሒሳቡ ራሱ አስተማራቸው፤ ሰው ሲሞት ከመክፈል ሰው እንዳይሞት ማስታመም ይረክሳል። አንዳንዶቹ ደንባቸውን አሻሽለው ለበሽተኛ ማሳከሚያ የሚሆን ገንዘብ ፈቀዱ፤ ሌሎቹ ከጎረቤት ዕድሮች ጋር ኅብረት መሥርተው ቤት ለቤት የሚያስታምሙ ሴቶችን አሰማሩ፤ ወላጅ ያጡ ልጆችን መዝግበው ያዙ። በታኅሣሥ 1994 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ስለ ዕድሮች የተጠራ አገር አቀፍ ጉባኤ ተካሂዶ ነበር፤ ጥናቶቹን አሉላ ፓንክረስት አዘጋጅተው በመጽሐፍ አውጥተዋቸዋል። ዕድር በልማት ይግባ ወይስ በቀብር ይወሰን የሚለው ክርክር ያን ጊዜም የጦፈ ነበር። በጥር 1997 ዓ.ም. ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር የቀብሩ ሩጫ እየረገበ ሄደ። እሰየው! ግን እኔ በማውቃቸው ዕድሮች ዘንድ የማስታመሙ ልማድም አብሮ ረገበ። የፕሮጀክቱ በጀት ሲያልቅ ኮሚቴው ተበተነ፤ ድንኳኑ ቀረ።

ለዚህ ጽሑፍ ያነሳሳኝ ሌላ ነው። አምና በእኛ ሰፈር አራት ዕድሮች፣ ሁለት የሴቶች ዕድርና አንድ የወጣቶች ማኅበር ስለ ሰፈሩ ጤና በአንድነት እንዲሠሩ ተጠርተው ነበር። እኔም አባል ነኝና ተገኘሁ። አንድ ሰዓት ተኩል የፈጀው ክርክር ስለ ማኅተም ነበር፤ ኅብረቱ የራሱ ማኅተም ይኑረው ወይስ በትልቁ ዕድር ማኅተም ይጠቀም? ይህ ሲያበቃ ከሴቶቹ ዕድር አንዷ እናት ተነሱና፣ «ለኔም ለናንተም ልብስ የምታጥበው ልጅ ሁለት ወር ሙሉ ትስላለች፤ እሷ በየትኛው ዕድር ናት?» አሉ።

ሰብሳቢው መልካም ሰው ናቸው፤ ስማቸው ይቅር። መዝገቡን ገልጠው አዩ፣ የሚያዩት እንደሌለ እያወቁ። «እትዬ፣ አባል ያልሆነች ሰው አጀንዳ ልትሆን አትችልም» አሉ። ደንቡን ጠቀሱ። ልክ ናቸው፤ ደንቡ እንደዚያ ይላል።

እንግዲህ የሰፈር ጤና ፍትሕ የሚባለው ነገር የሚሰነጠቀው እዚህ ላይ ነው። በዕድር መዝገብ የሌለው ማነው? ተከራዩ፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ ለአንድ ሌሊት አልጋ የሚከፍለው የቀን ሠራተኛ፣ በደባልነት የገባው ወጣት። ዕድሩ በቆየ ቁጥር ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ በባንክ ያለው ጥሪት ይበዛል፤ አዲስ ገቢም የጥሪቱን ድርሻ በመግቢያነት ክፈል ይባላል። በአባላት ዓይን ፍትሐዊ ነው። ውጤቱ ግን ዕድሩ ባረጀ መጠን ለድኃ በሩ መጥበቡ ነው። ሳል ደግሞ መግቢያ አይከፍልም። አንድ ሽንት ቤት ለስንት አባወራ በሆነበት ግቢ፣ በአንድ ቧንቧ በሚቀዳበት ሰፈር፣ የአባልና የኢአባል ጀርም ብሎ ነገር የለም።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ሴቶቹ የስብሰባውን ቃለ ጉባኤ አልጠበቁም፤ ጤና ጣቢያ ወሰዷት። የሳንባ ነቀርሳ ሆነ። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው፤ ሕክምናው ስድስት ወር ይፈጃል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት በየዕለቱ እየሄዱ በባለሙያ ፊት መዋጥ አለ። ነፃ የሚለውን ቃል እዚህ ጋ ማንበብ ነው። ክኒኑ ነፃ ነው፤ ጠዋቱ ግን ነፃ አይደለም። በቀን ገቢ የምታድር ልጅ ጠዋቷን ወረፋ ላይ ካዋለች የዚያን ዕለት ልብስ አታጥብም፤ ካላጠበች አትበላም፤ ያለ ምግብ የሚዋጥ መድኃኒት ደግሞ ሆድ ይገለብጣል። ሰው መድኃኒቱን የሚያቋርጠው ከድንቁርና ነው ብለን የምንሰብክ ሰዎች ይህን ሒሳብ ሠርተነው አናውቅም። ሴቶቹ ሠሩት። ተራ አወጡ፤ አንዷ ቁርስ፣ አንዷ ጤና ጣቢያ ማድረስ፣ አንዷ የቤት ኪራይዋን ባለቤቱ እንዲታገሳት መለመን። ማኅተም አላስፈለገም። ከኪሳቸው የወጣው ገንዘብ ለአንድ ድንኳን ማሳጠቢያ አይበቃም።

ጤና መድኑም ይሄው ጣጣ አለበት። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር የምዝገባው መነሻ አባወራና እማወራ ነበር። መክፈል ለማይችለው መንግሥት ይከፍልለታል፤ ትልቅ ነገር ነው። ማን እንደማይችል የሚለየው ግን በአካባቢው ሰው ምስክርነት ነው። ምስክሮቹ እነማን ናቸው? እኛው፣ መዝገብ ላይ ያለነው። ሥራዬ ብሎ የሚመሰክርለት የሌለው ሰው ድኃ መሆኑን እንኳ ማስመዝገብ አይችልም። ዕድሮች ተባብረው ሊሠሩት የሚገባ ሥራ ካለ ከዚህ ይጀምር፤ በየግቢው ዞሮ ስሙ የትም የሌለውን ሰው መጻፍ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ብቻዋን አትችለውም፤ እሷ ስታንኳኳ ተከራዩ ሥራ ላይ ነው።

ደንብ እንደገና መጻፍ ከባድ ነው ይሉኛል። ግን ሰሞኑን እኮ በግድም ቢሆን እየተጻፈ ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስ የስንት ዘመን ዕድር ከነድስቱ ተበትኖ ሰዉ ወደ ከተማው ዳር ሄደ። በየኮንዶሚኒየሙ አዲስ ዕድር ይቋቋማል፤ ደንቡ ግን ከአሮጌው ቃል በቃል ይገለበጣል። በቅርቡ አንድ ዘመዴ የብሎካቸውን ረቂቅ «ቋንቋውን አስተካክልልን» ብሎ አመጣልኝ። አንቀጽ ሁለት፣ «አባል ማለት በሕንጻው ላይ ቤት ያለው ማለት ነው» ይላል። ቋንቋው ምንም ስህተት የለበትም። ፎቁ ግማሹ ተከራይ አይደለም ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

«ተከራይማ ምን አለው፣ ነገ ይሄዳል» አለኝ።

ያን ዕለት በር ከፍቶ ያስገባኝ ጎረቤቱ ተከራይ ነው። እዚያ ብሎክ ሲኖር ስምንተኛ ዓመቱን ይዟል፤ ዘመዴ ራሱ የገባው ከሦስት ዓመት በፊት ነው።